ጆሮ ቀድሞ ዓይን ሲቀር፦ 64 ልጆች ካሉበት አንደኛ ክፍል

ይህን የምጽፈው አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ለምታስተምሩ፣ በተለይም ከ60 በላይ ልጅ በአንድ ክፍል ይዛችሁ «ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው፣ ልባቸው ግን እዚህ የለም» እያላችሁ ለምትብሰለሰሉ ነው። ክፍሉ 64 ልጆች፣ 22 ዴስክ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያለው ተራ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ነው። ዓመቱ ሲጀመር ችግሩ የልጆቹ መስሎኝ ነበር። ሰኔ ላይ መለስ ብዬ ሳሰላው ግን ከባከነው ጊዜ አብዛኛውን ያባከንኩት እኔው ነበርኩ፤ ያውም «በስሜት ሕዋሳት ማስተማር» የሚባለውን ነገር ከጭራው ጀምሬ።

መስከረም ላይ ክፍሉ ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ከሰሌዳው ግራና ቀኝ የፊደል ገበታ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የቤትና የዱር እንስሳት፣ የሰውነት ክፍሎች፣ የትራፊክ መብራት፤ ከጣሪያው ደግሞ በክር የተንጠለጠሉ ባለቀለም ወረቀቶች። ለሱፐርቪዥን የመጣ ሁሉ «ማራኪ ክፍል» ብሎ ጽፎ ሄደ። ልጆቹንም በእርግጥ ማርኳቸው ነበር፤ የማረካቸው ግን ጅቡና አንበሳው እንጂ ሰሌዳው ላይ ያለው «በ» አልነበረም። ነፋስ ገብቶ ወረቀቱ በተወዛወዘ ቁጥር 64 ጭንቅላት አብሮ ይዞራል። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ፈትሸውታል፤ ግድግዳው ባጌጠበት ክፍል ሲማሩ የልጆቹ ሐሳብ ይበልጥ ተበታተነ፣ የያዙትም ትምህርት አነሰ።

የረዳን መፍትሔ ምንም ወጪ የለውም። በሰሌዳው በኩል ያለውን ግድግዳ አራቆትነው። የተንጠለጠለው ሁሉ ወረደ። ሥዕሎቹ ከልጆቹ ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ዞሩ፤ ለእረፍትና ለመግቢያ ሰዓት ያዩዋቸዋል። ከሰሌዳው ጎን የሚቀረው የዚያ ሳምንት ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ አርብ ይወርዳል፣ ሰኞ ሌላ ይወጣል። ሥዕል ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ከተለጠፈ ልጆች ማየት ያቆማሉ። ሲቀየር ግን «ዛሬ ምን መጣ?» ብለው ራሳቸው ይፈልጉታል።

ሁለተኛው ነገር ከመምህሩ ቦታ ሆኖ አይታይም። ልጆቹ ከወጡ በኋላ አራቱም ጥግ ዴስክ ላይ እየተቀመጣችሁ ሰሌዳውን እዩት፤ ጠዋትም ከሰዓትም፣ ምክንያቱም ፀሐይዋ ቦታ ትቀይራለች። የጠዋት ብርሃን በመስኮት ገብቶ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ከተቃራኒው ጥግ ለተቀመጡት ልጆች የሰሌዳው ሲሶ ነጭ መስታወት ይሆናል። ያንን መስኮት በተተረተረ ጆንያ መጋረድ በቂ ነው። ፊደሉ ራሱ ደግሞ 8 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ልጅ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይፈልጋል፤ እኛ ግን በልምድ ከዚያ ግማሹን ነው የምንጽፈው። ቀይና ሰማያዊ ጠመኔ ከፊት ያምራል፣ ከኋላ ወንበር ግን ከጥቁሩ ጋር ይዋሃዳል። ነጭና ቢጫ ይበቃል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችሉ ልጆች፣ በተለይ ወንዶች፣ በየክፍሉ ሊኖሩ ስለሚችሉ «ቀዩን ፊደል አንብቡ» የሚለው ትእዛዝ ለአንዳንዱ ትርጉም የለውም። ሰሌዳው ከነጣም በቀለም ይቀባ። የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ጥቁሩን በቅጠል ጨምቆ መቀባት የቆየ ዘዴ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ኬሚካል ለልጅ እጅ ስለማይሆን ይህን ሥራ ለተማሪ አትስጡ።

ጥቅምት ላይ ትልቁ ስህተት ተገለጠ። ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብለው እስከ «ፐ» ድረስ በዜማ ይወርዱታል። ክፍሉ ሲዘምር ከቢሮ ሰምተው «ጎበዝ ክፍል» ይላሉ። አንድ ቀን ገበታው በወረቀት ተሸፍኖ በመሃሉ በተቀደደች ቀዳዳ አንድ «ቢ» ብቻ ብትታይ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ልጁ ዝም ይላል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ እስከዚያች ቦታ ሊደርስ እየሞከረ ነው። ፊደሏን አያውቃትም፤ የሚያውቀው ዜማውን ነው። ጆሮው ሩቅ ሄዷል፣ ዓይኑ ግን ገና መስከረም ላይ ቆሟል። ፊደል በጅምላ በሚያስቆጥር ክፍል ሁሉ ይህን ፈተና አድርጉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ውጤቱ ግን ያስደነግጣል።

የሚገርመው የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ድሮ አውቆት ነበር። ተማሪው «ሀሁ»ን ከወጣ በኋላ ወደ «አቡጊዳ» የሚገባው ለዚህ ነው፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል የፊደሉም ተራ የድምፁም ተራ ስለሚቀያየር የተሸመደደው ዜማ አያድነውም፣ ዓይኑን ማሠራት ግድ ይሆንበታል። በዚያ ላይ እያንዳንዷን ፊደል በእንጨት ወይም በስንደዶ እየነካ ነው የሚያነብበው። እኛ ዘመናዊ ነን ብለን ዜማውን ወስደን ስንደዶውን ጥለናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ ቀላል ነበር፤ ማንም ልጅ በጣቱ ያልነካውን ፊደል በአፉ አይጠራም። መጽሐፍ ያለው መጽሐፉ ላይ፣ የሌለው የጎረቤቱ ላይ፣ ሁሉም ከፊደሉ ሥር ጣቱን አኑሮ። ዜማው ሲፈጥን ጣት ይቀራል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ጣት እንጂ ድምፅ አይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ፤ እንዳትገቡበት። በየሥልጠናው «አንዳንድ ልጅ በማየት፣ አንዳንዱ በመስማት፣ አንዳንዱ በመዳሰስ ነው የሚማረው» ይባላል፤ እኔም በዚሁ ተመርቼ ክፍሉን በሦስት ቡድን ከፍዬ ሦስት ሳምንት አባክኛለሁ። «የመስማት ቡድን» የተባሉት ልጆች ዜማውን ይበልጥ ሸመደዱ እንጂ ማንበብ አልጀመሩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፊደል በዓይን የሚለይ ቅርጽ ነውና ልጁ የቱንም ቢወድ ቅርጹን ማየት አለበት። በ2008 እ.ኤ.አ. በሃሮልድ ፓሽለር የሚመሩ የሥነ ልቦና ምሁራን የተደረጉትን ጥናቶች መርምረው ልጅን በ«ዓይነቱ» ለይቶ ማስተማር ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም። የስሜት ሕዋሱን የሚመርጠው ትምህርቱ ነው። ቅርጽ ከሆነ ዓይንና ጣት፣ ድምፅ ከሆነ ጆሮና አፍ፣ ክብደት ከሆነ እጅ።

ኅዳር ላይ የሚዳሰሱ ፊደሎች መጡ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ከሸካራ ወረቀት የተቆረጡ ፊደሎችን ልጆች በጣታቸው እንዲከተሉ ታደርግ ነበር። እኛ የሠራናቸው ከብስኩትና ከሳሙና ካርቶን ነው። ካርቶኑን 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ፊደሉን 12 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ በእርሳስ ጻፉ፤ መስመሩ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። መስመሩ ከዚያ ከቀጠነ የልጁ ጣት ይስታል፣ ከዚያ ከሰፋ ደግሞ ጣቱ መሃል ላይ እንዲባዝን ያደርጋል። መስመሩን በኮላ ሞልታችሁ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ነስንሱበት፤ አራግፉና አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። በማግስቱ በውሃ የቀጠነ ኮላ በላዩ ላይ በብሩሽ ካላሳለፋችሁበት በሳምንቱ አሸዋው ይረግፍና ለስላሳ ካርቶን ይቀራል። ኮላ ካጠረ አንድ ስኒ የፉርኖ ዱቄት በአራት ስኒ ውሃ በጥብጦ እሳት ላይ እያማሰሉ ማወፈር ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ይለጥፋል፣ ግን አይጥ ይወደዋል። የፊደሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ቁልፍ ወይም የደረቀ ባቄላ ለጥፉ፤ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን ከየት እንደሚነሳ ጣቱ ያውቃል።

አጠቃቀሙ ላይ የምትሳሳቱት ድምፁን መቼ እንደምታስጠሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ፊደሉን በጣታቸው ጨርሰው ዞረው ከመጡ በኋላ «በ!» ይሉ ነበር። ጣት ብቻውን ሠራ፣ አፍ ብቻውን ሠራ፣ ሁለቱ አልተገናኙም። ጣቱ ባቄላዋን ሲለቅ ድምፁ ይጀምር፣ ጣቱ ሲቆም ድምፁ ይቁም፤ «በ‑ኧ‑ኧ»። የሚጽፍበት እጅ አመልካችና መሃል ጣት ይሁን እንጂ በአውራ ጣት አይሁን። በሳምንት ሦስት ፊደል ይበቃል፤ እነሱም አይመሳሰሉ። «ለ»፣ «ሰ» እና «በ»ን በአንድ ሳምንት መስጠት መንታ ልጆችን በአንድ ቀን እንደማስተዋወቅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይቀላቅሏቸዋል። በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ፤ «መ» እና «ወ»ም እንደዚያው። መጀመሪያ የመጣው በደንብ ከተያዘ በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ጣትህ የት ላይ ታጠፈ? የት ላይ ቀጥ አለ?» ብሎ መጠየቅ ያን ጊዜ ይጠቅማል።

በአየር ላይ ማስጻፍም ይቻላል፣ ካርድ ሳይበቃ ሲቀር። ግን ፊታችሁን ወደ ልጆቹ አዙራችሁ አትጻፉ። የእናንተ ቀኝ የእነሱ ግራ ስለሆነ ግማሹ ክፍል ፊደሉን ገልብጦ ይማራል፤ በኋላ ደብተር ላይ የተገለበጠ «ደ» ስታዩ ከየት እንደመጣ ይገርማችኋል። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ፣ ክንድ ሙሉ ተዘርግቶ፣ ከትከሻ ጻፉ።

ከሁሉ የበለጠ የሠራው ግን ሰውነት ነው። ሁለት እግር ባላቸው እንደ «በ»፣ «ሰ»፣ «ከ» ባሉት ፊደሎች ላይ የካዕቡ ምልክት ወገብ ላይ፣ የሣልሱ እግር ላይ ነው፤ ራብዑ የግራ እግሩን ያሳጥራል፣ ኃምሱ ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አድርገው ይቆማሉ። «ቡ» ሲባል ቀኝ እጅ ወገብ ላይ፣ ክርን ወደ ውጭ። «ቢ» ሲባል ቀኝ እግር ወደ ጎን። «ባ» ሲባል ግራ እግር ከመሬት ይነሳል። «ቤ» ሲባል ጣቶች ቀለበት ሠርተው ቀኝ ጉልበት ይነካሉ። መጀመሪያ እናንተ ፊደሉን እያሳያችሁ እነሱ ይቁሙ፤ ከዚያ ገልብጡት፣ አንድ ልጅ ፊት ወጥቶ ይቁም፣ ሌሎቹ ፊደሉን ደብተር ላይ ይጻፉ። ሁለተኛው ነው ትምህርቱ የሚገባበት። «ረ» እና «ፈ» ከዚህ ሕግ ያፈነግጣሉ፣ ሳድስና ሳብዕም እንደየፊደሉ ስለሚለያዩ በዚህ መንገድ አታስገቧቸው፤ በካርድ ብቻ ይማሩ። ሕጉ የማይሠራበትን ፊደል ቀላቅላችሁ ከሰጣችሁ ልጁ ሕጉን ራሱን ማመን ያቆማል።

የአሸዋ ገበታውን ነገር ላሳጥረው፤ ጥሩ ነው ግን ይጎትታል። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የካርቶን ክዳን፣ ወለሉ ላይ ጥቁር ወረቀት፣ ከላዩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ አሸዋ፣ ለአንድ ገበታ 1 ኪሎ ገደማ። ከዚያ ከወፈረ የተጻፈው መስመር ይደረመሳል፣ ጥቁሩ ወለልም አይታይም። አሸዋው ከወንዝ ይሁን፤ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከግንባታ ቦታ የመጣው ሲሚንቶና ኖራ ስለሚቀላቀልበት እጅና ዓይን ያቃጥላል። መጀመሪያ ቀን ለ22 ዴስክ ማደል ብቻ ከ40 ደቂቃው 12ቱን በላ። ከዚያ በኋላ በየዴስኩ አንድ አዳይ ልጅ ተመደበ፣ ገበታዎቹ ከደወሉ በፊት በር አጠገብ ተደረደሩ፣ ጊዜው ወደ 3 ደቂቃ ወረደ። ያም ሆኖ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አያዋጣም።

ታኅሣሥ የድምፅ ወር ነበር። ጫጫታ ሲነሳ ዴስክ በዱላ መምታት፣ ፉጨት፣ «ዝም በሉ!» ማለት። ይህ ሁሉ ጫጫታው ላይ ጫጫታ መጨመር ነው፤ ልጁም ከመምህሩ ድምፅ ውስጥ መስማት ያለበት ጩኸቱን ብቻ እንደሆነ ይማራል። በተራ ድምፅ የተነገረ ቃል ከአፍ 1 ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ያህል ስለሚቀንስ 8 ሜትር ላይ ላለው ልጅ የሚደርሰው ወደ 42 ይጠጋል፣ የግድግዳው ነጸብራቅ ትንሽ ቢደግፈውም። የዓለም ጤና ድርጅት በክፍል ውስጥ ያለው ሌላ ድምፅ ከ35 እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። የጎረቤት ክፍል መዝሙር ብቻውን ያንን ያልፋል። ስለዚህ ቁም ነገሩን ከሰሌዳው ሥር ቆማችሁ አትናገሩ። እስከ ክፍሉ መሃል ድረስ ግቡ፤ የኋለኛው ልጅ ርቀት ከ8 ወደ 4 ሜትር ወረደ ማለት ነው።

ጫጫታ ለማብረድ የጠቀመን እየቀነሰ የሚሄድ ጭብጨባ ነው። ሦስት ጭብጨባ በመዳፍ፣ ልጆቹ ይመልሳሉ፤ ሦስት በሁለት ጣት መዳፍ ላይ፣ ይመልሳሉ፤ ሦስት በአንድ ጣት። የመጨረሻውን ለመስማት ዝም ማለት ስላለባቸው ዝምታው ሳይታዘዝ ይመጣል። ከዚያ «ጆሮ እንክፈት» የምንለው አንድ ደቂቃ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው መጀመሪያ ከግቢ ውጭ ያለውን፣ ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ያለውን፣ መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ትንፋሽ ያዳምጣሉ። የወፍጮ ቤት ድምፅ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የአጎራባች ክፍል ዝማሬ፣ ቆርቆሮ ላይ የምታርፍ ቁራ። ከሩቅ ወደ ቅርብ መሆኑ ነው ምስጢሩ፤ ተገላቢጦሽ ብታደርጉት ጆሯቸው ውጭ ሄዶ ይቀራል። ከአንድ ደቂቃ አታሳልፉት፣ ከዚያ በኋላ መሳሳቅ ይጀመራል። ዓይን መጨፈን የሚያስፈራው ልጅ ካለ አታስገድዱት፤ ዴስኩን ይመልከት።

ጥር ላይ የተማርነውን መስከረም ላይ ባወቅን ኖሮ ብዬ ዛሬም እቆጫለሁ። «ልቡ የለም» ከተባሉት ልጆች አንዳንዶቹ የማያዩ ወይም የማይሰሙ ነበሩ። ልጅ «አይታየኝም» አይልም፤ ሁሉም ሰው እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል። መምህር በሽታ አይመረምርም፣ ግን ማጣራት ይችላል። ሦስት ጥርስ ያላትን የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር አትሙ ወይም በማስመሪያ ሳሉ፤ ቁመቷም ስፋቷም 17.5 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ ጥርስና በመካከሉ ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊ ሜትር። በደህና የቀን ብርሃን 6 ሜትር ለኩ። ልጁ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍን፤ በጣት አይጫን፣ ከተጫነ ዓይኑ ሲገለጥ ለጊዜው ይደበዝዝበታል። ወረቀቷን እያዞራችሁ ጥርሶቹ ወዴት እንደሆኑ በእጁ ያሳይ፤ አምስት ጊዜ ይታይ፣ አራቱን ካላገኘ ለወላጅ ነግራችሁ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሁለተኛውን ዓይን አትዝለሉ፤ አንዱ ደህና ሆኖ አንዱ ደካማ የሆነ ልጅ በሁለቱም ሲያይ ምንም አይታወቅበትም።

ለጆሮ ደግሞ ከልጁ ኋላ በ60 ሳንቲ ሜትር፣ የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቁሙ። ሌላኛውን ጆሮውን በጣቱ ይድፈን። አየራችሁን አስወጥታችሁ ጨርሱና በሹክሹክታ ሦስት የሚያውቃቸውን ቃላት በሉት፤ «ላም፣ ሰባት፣ ዳቦ»፤ ይድገም። ከኋላ የምትቆሙት ከንፈራችሁን እንዳያነብ ነው። ብዙውን ካልያዘ በሌሎች ሦስት ቃላት ሞክሩት፤ አሁንም ካልያዘ ይታይ። ጆሮው መግል የሚያመጣ ልጅ፣ ዓይኑ የሚቀላና የሚያሳክከው ልጅ ፈተናም አያስፈልገውም፣ በቀጥታ ይላክ። እስከዚያው ድረስ ከፊት ወንበር፣ ደህናው ጆሮው ወደ እናንተ ሆኖ ይቀመጥ።

መጋቢት ላይ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከእሱ ጋር መፎካከር ጉሮሮ ማጥፋት ብቻ ነው። አሁን «የዝናብ ሥራ» የሚባል አለን፤ ጠብታው ሲጀምር ማንም አይናገርም። ካርዶች ይወጣሉ፣ አንዱ ልጅ በጎረቤቱ ጀርባ ላይ በጣቱ ፊደል ይጽፋል፣ የተጻፈበት ልጅ ደብተሩ ላይ ያወጣዋል። አንድ ዴስክ ላይ ያሉት ሦስቱም በተራ። ጀርባ ላይ ሲጻፍ ትልቅና ቀስ ያለ ካልሆነ አይለይም፤ ይህንን በጸጥታ ቀን አለማምዷቸው። ዝናቡ ሲያባራ ያለ ምንም ትእዛዝ ጸጥ ያለ ክፍል ታገኛላችሁ።

በሒሳብ በኩል አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ሽንብራና ባቄላ ለመቁጠር የሚመች ይመስላል፣ ግን የሰባት ዓመት ልጅ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል። ከገባ ውሃ አታፍስሱበት፣ ጥሬው ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ በጣትና በእንጨትም አትቆስቁሱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ላይ የምትለጥፏትም ባቄላ ላልታ እንደሆነ በየጊዜው አረጋግጡ። ጠርዙ ስለት የሆነ የጠርሙስ ቆርኪም ሳይመታ አይሰጥ። የተመቸን 8 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ የተቆረጠ ስንደዶ ነው፣ አሥር አሥሩ በክር የታሰረ። ልጁ «23» ሲባል ሁለት እሥርና ሦስት ነጠላ ያነሳል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ እየዳሰሰ ይለያቸዋል። በፌስታል አትሞክሩት፤ የ22 ፌስታል ንኮሽኮሽታ ክፍሉን ያውከዋል።

ሽታን በተመለከተ ለ«ጤ» ጤና አዳም፣ ለ«ቡ» ቡና ማሽተት ያምራል ብዬ ነበር። ልጆቹ ግን በማግስቱ ያስታወሱት ቡናውን ነው፣ «ቡ»ን አይደለም። ሽታው ከፊደሉ ቅርጽ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ሐሳባቸውን ወደ ቤታቸው ጀበና ወሰደው እንጂ ወደ ሰሌዳው አላመጣውም። ሽታን ለአካባቢ ሳይንስ አቆዩት፣ ስለ ስሜት ሕዋሳት ስታስተምሩ። በታጠቡ የመድኃኒት ብልቃጦች ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ኮረሪማና ቡና፤ በርበሬ አይግባ፤ አፍንጫ ብልቃጡ ላይ ሳይደፋ በእጅ አየሩን ወደ ራስ እየሳቡ። አስም ያለበት ልጅ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጭቃ ወይም አሸዋ መንካት የሚሰቀጥጠው፣ የክፍሉ ዝማሬ ሲጀመር ጆሮውን የሚይዝ ልጅም ይኖራል። ቅብጠት አይደለም። ለእጁ ቀጭን እንጨት ስጡት፣ በዝማሬው ሰዓት በር አጠገብ ይቀመጥ። ቢያስለቅሰውም ብላችሁ አታስነኩት፤ የዚያን ቀን የሚማረው ክፍሉን መፍራት ነው።

ከሚያዝያ ጀምሮ 40 ደቂቃው በግምት እንዲህ ሄደ። ከጭብጨባው ጋር 2 ደቂቃ ጆሮ ለመክፈት፤ 8 ደቂቃ አዲሱን ፊደል በሰሌዳና በአየር ላይ፤ 10 ደቂቃ በካርድ፣ ጣትና ድምፅ አንድ ላይ። 15ኛው ደቂቃ አካባቢ ዴስክ ላይ መቁነጥነጥ ሲጀመር ካርዱን አቋርጦ ለ3 ደቂቃ መቆም፣ የወገብና የእግሩ ጨዋታ፤ ከዚያ ወደ ካርዱ መመለስ። ቀሪው 17 ደቂቃ ለደብተርና ለቀዳዳው ወረቀት ፈተና፣ በቀን ለስምንት ልጅ። በስምንት ቀን 64ቱም ይዳረሳሉ። መስኮቶቹ ጠዋት ቢበርድም ሁለቱ ተከፍተው ይቆዩ፤ 64 ልጅ የሚተነፍስበት የተዘጋ ክፍል ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያስተኛል።

ሰኔ ላይ ካርዶቹን ስታስቀምጡ በቆርቆሮ ሣጥን ይሁን፣ ባቄላዎቹን አስቀድማችሁ ነቅላችሁ። በዱቄት ሙጫ የተሠሩት የእኛ ካርዶች ዕቃ ቤት ካርቶን ውስጥ ከርመው መስከረም ላይ ሲወጡ «በ» ሁለት እግሩን፣ «ሰ» ጣሪያውን አጥቶ ነበር።